ባዶው ጋንና የአባቴ ምርቃት

ሰው የሚያፍርባቸውን ነገሮች ቁጭ ብሎ ቢመረምራቸው፣ እኩሌታዎቹ የወላጆቹ ሥራ ሆነው ያገኛቸዋል። አባቱ ባንክ ቤት ውስጥ ስልክ ሲያነሱ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፤ እናቱ አውቶቡስ ላይ የማታውቀውን ወታደር “የማን ልጅ ነህ?” ብላ እስከ ቅድመ አያቱ ድረስ ታስቆጥረዋለች፤ እሱ ደግሞ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ የማያውቃቸው መስሎ ይቀመጣል። የቀሩት እኩሌታዎች የገዛ ራሱ ናቸው። እነሱን ግን አያይም። ለምን ብሎ ይያቸው? ዓይን የተሰጠን ሌላውን እንድናይበት አይደለም እንዴ! የእኔ ዓይን ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እስከዚያ ዓመት ድረስ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም ነበር።

የምኖረው ዕብራይስጥ በሚነገርበት አገር፣ ቂርያት ጋት በምትባል ከተማ ነው። እኔ ካርሜ ጋት የሚባለው አዲሱ ሰፈር ገብቻለሁ፤ እናትና አባቴ ግን ከአሮጌው ከተማ፣ ሊፍት ከሌለው ሕንፃ ላይ አንወርድም ብለው ቀርተዋል። የምሠራው ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ካለች አንዲት አነስተኛ ፋብሪካ ነው። ምን ትሠራለህ ብትሉኝ፣ ለአቶም ተመራማሪዎች ጋን እሠራለሁ። ጋን የምለው እኔ ነኝ፤ የፋብሪካው ሰዎች የቫኪዩም ክፍል ይሉታል። ሰው እጁን ዘርግቶ የማያቅፈው፣ ከማይዝግ ብረት የተበየደ፣ ውስጡ እንደ መስታወት የተወለወለ ድብልብል ነገር ነው።

ተመራማሪዎቹ በአንድ በኩል ከአቶም ያነሱ ቅንጣቶችን ይወነጭፉበታል። ቅንጣቶቹ መሀል ላይ ከተሰቀለች ስስ የብረት ቅጠል ጋር ይጋጩና ይበተናሉ። ተመራማሪዎቹም ወዴት ወዴት እንደተበተኑ እየለቀሙ በአቶሙ እምብርት ውስጥ ያለውን ያውቃሉ። ጨለማ ቤት ውስጥ ድንጋይ እየወረወሩ፣ “ወይኔ!” ሲል ማን እንደተቀመጠ ማወቅ በሉት። ታዲያ ጋኑ ውስጥ አየር ካለ ቅንጣቷ ከአየሩ ጋር ስትላተም መንገድ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ አየሩ ተጎትቶ መውጣት አለበት። አየሩ ብቻ አይደለም፤ ላብ፣ አቧራ፣ የጣት አሻራ፣ በተለይ ደግሞ ቅባት። ቅባት የነካው ጋን ቀስ እያለ ሲተነፍስ ይኖራል፤ ፓምፑ ቢስብ ቢስብ አይጨርሰውም።

ይህን ለአባቴ ለማስረዳት ስንት ሻባት፣ ማለትም ስንት ሰንበት፣ እንደፈጀሁ አትጠይቁኝ። አባቴ ይሰሙኝና፣ ይሰሙኝና፣ “እና ጋኑ ውስጥ ምን ይገባል?” ይሉኛል። ምንም፣ እላለሁ። “ጠላም አይጠመቅበት?” አይጠመቅበትም። “እህልም?” ኧረ አባ፣ አየር እንኳን አይገባበትም! ያኔ ወደ እናቴ ዞር ይሉና፣ ልጅሽ በሌሊት እየተነሣ ምንም የሌለበት ነገር ሲሠራ ይውላል፣ ደመወዙን ግን በደንብ ይከፍሉታል፣ ይሄ አገር ደግ አገር ነው ይላሉ።

አባቴ አባ ታከለ ይባላሉ። በእኛ ሰው ዘንድ ስማቸው የሚጠራው በምርቃታቸው ነው። ከጎንደር ገጠር ተነሥተው በሱዳን በኩል ሲመጡ መንገድ ላይ ያልቀረ ንብረት ቢኖራቸው እሱ ብቻ ነው። ልጅ ሲገረዝ፣ ወታደር ሲሸኝ፣ አዲስ ቤት ሲገባ አባ ታከለ ይጠራሉ። እጃቸውን ዘርግተው ይመርቁ ይመርቁና፣ መጨረሻ ላይ እንደ አገራቸው ደንብ “እንትፍ! እንትፍ!” ብለው ያትሙታል። ሴቶቹ አባ ታከለ እንትፍ ያሉበት ልጅ ሐኪም ቤት አያውቅም ይላሉ። አባቴ ሰባን ያለፉ፣ ከፋብሪካ ጽዳት ሥራ በጡረታ የወጡ፣ ዕብራይስጣቸው ከዳቦ ግዢ ያላለፈ ሰው ናቸው። ሰው ፊት የሚቆሙባት ክብራቸው ያቺ እንትፍታ ነበረች። ይህን ያዙልኝ፤ ያጠፋሁት እሷን ነው።

እንግዲህ ወደ እኔ ክብር እንምጣ። ጋኑ የሚገጣጠመው ንጹሕ ክፍል በምንለው ቦታ ነው። እዚያ የሚገባ ሰው ነጭ ቱታ፣ ጓንት፣ የጸጉር ቆብና የአፍ መሸፈኛ ያደርጋል፤ ሽቶ አይቀባም፣ የእጅ ቅባት አይቀባም። ይህን ደንብ ለአዲስ ሠራተኛ የማስተምረው እኔ ነበርኩ፤ ማስተማር ብቻም አይደለም፣ እንደ ግል ርስቴ እጠብቀው ነበር። ኢላና የምትባል የሥራ ባልደረባዬን የእጅ ቅባት ሸተተኝ ብዬ ሰው ሁሉ እያየ ከበር መልሻታለሁ። “የእጅ ቅባት ጋን ይገድላል” አልኳት፣ ጣቴን ቀስሬ። እንዲህ ያለ ሰው ሹመት ቢመኝ ይፈረድበታል? ዋናው መሐንዲሳችን ቦሪስ፣ ከሩሲያ የመጣ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ ለንጹሕ ክፍሉ አሕራይ፣ ማለትም ኃላፊ፣ ሊሾም ነበር። አሁን የያዝነው ጋን ፈተናውን ካለፈ ሹመቱ ያንተ ነው ብሎኛል። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት በገደለው ይባላል። እኔም በሕልሜ ጠጣሁ። የቅቤው ነገር በውኔ እንደሚመጣ ግን አላወቅሁም።

በዚህ አገር የአዲስ ዓመት በዓል ሲደርስ በየመሥሪያ ቤቱ ሐራማት ኮሲት የሚሉት ነገር አለ። ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ይሰበሰባል፣ ብርጭቆ ያነሣል፣ ፖም በማር እያጠቀሰ ይበላል፣ አለቃ ይናገራል። በዚያ ዓመት አባቴን ልወስዳቸው ቆረጥኩ፤ ምንም የሌለበትን ነገር በዓይናቸው ይዩት ብዬ። ጠዋት ከቤታቸው ስደርስ እናቴ በር ላይ ያዘችኝ። “ዛሬ ሰው ፊት ልትቆም አይደል? ራስህ እንዴት ነው የደረቀው!” አለችና ወንበር ሳበች። እናት ቅቤ በእጇ ይዛ ስትመጣ የፋብሪካ ደንብ የሚጠቅስ ልጅ ገና አልተወለደም። በተረፈችኝ ጥቂት ጸጉር ላይ ለሦስት ሰው የሚበቃ ለጋ ቅቤ ለቀለቀችብኝ። ለመታጠብ ጊዜ የለ። ወደ አንገቴና ወደ ጆሮዬ የወረደውን በመሐረቤ እየጠረግሁ፣ መሐረቡን ኪሴ ከትቼ፣ ቆቡ ይሸፍነዋል ብዬ ሄድኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ስለ እኔ ነው።

ግብዣው መሀል፣ ሰው ሁሉ ወደ ማሩ ሲሄድ፣ አባቴን ወደ ንጹሕ ክፍሉ ይዤ ገባሁ። ቱታውን አለበስኳቸው፤ ጫማቸውን ሸፈንኩ፤ ቆቡን አደረግሁላቸው። የአፍ መሸፈኛውን ሳነሣ ግን እጄን ገፋ አደረጉት። “እኔ ልጄ፣ እህል ሲያበራይ የበሬዬን አፍ እንኳን አስሬ አላውቅም፤ አንተ የእኔን ልታስር ነው?” አሉኝ። እኔም ልጅ ነኝና ተውኩት። ትንሽ ቢያዩት ምን ይሆናል? ጋኑ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል፤ ማታ ይዘጋል። አባቴ አንገታቸውን አስግገው ገጽታቸውን በተወለወለው ብረት ላይ አዩት። ለመጀመሪያ ጊዜ የልጃቸው ሥራ ገባቸው መሰለኝ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “እና ማታ ይዘጋል ነው የምትለው? ሳይመረቅ?” አሉ።

አባ፣ ይሄኮ ብረት ነው ለማለት አፌን ስከፍት እጃቸው ተዘርግቷል። ምርቃቱን እስከ ዛሬ በቃሌ እችለዋለሁ። “ሙሉ ያድርግህ! አይጉደልብህ! ባዶ ሆነህ አትደር! የገባብህ አይውጣ!” አሉት። አየሩ ተሟጥጦ ወጥቶ ባዶ እንዲሆን ስንት ሰው የደከመበትን ጋን! ቀጥሎም ወደ ውስጥ አጎንብሰው “እንትፍ! እንትፍ!”

ጠብታዎቹ እንደ መስታወት በተወለወለው ብረት ላይ ቁጭ ብለው አዩኝ። ዘወር ብዬ በክፍሉ የላስቲክ መጋረጃ በኩል ውጭውን አየሁ፤ ያየ የለም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ጋን ውስጥ አንዳች ነገር ከወደቀ ለቦሪስ ይነገራል፣ ይታጠባል፣ ያ ብቻ ነው። ግን እንዴት ይነገራል? “አባቴ ተፉበት” ብዬ? ማር በያዙ ጣቶች ሁሉ እየተጠቆመብኝ? አፈርኩ። ሰባን ባለፈ ሽማግሌ፣ በዚያ እንባ ባቀረረ ዓይን አፈርኩ። ቱታዬን ከፍቼ እጄን ኪሴ ሰደድኩና፣ በመሐረቤ ቶሎ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት። ከዚያም አባቴን ክንዳቸውን ይዤ እየነዳሁ አወጣኋቸው። “ምነው? ደስ አላለህም?” አሉኝ። ጊዜ የለም አልኳቸው።

ማታ ጋኑ ተዘጋ፤ ፓምፑ ተነሣ። በውስጡ የቀረውን አየር የሚለካው ቁጥር መጀመሪያ በደንብ ወረደ፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ደረሰና አልወርድም አለ። ምርቃቱ ደረሰ ማለት ነው፤ የገባበት አልወጣም። ቦሪስ እጁን ኪሱ ከትቶ ብዙ አየውና፣ አንድ ነገር ገብቶበታል፤ እስኪነጋ እናግለው፣ ጠዋት በአፍንጫው እናያለን አለ። አፍንጫ የምንለው መሣሪያ አለን፤ ጋኑ ውስጥ የቀረውን ትንፋሽ እያሸተተ ምን ምን እንደሆነ በመስመር ከፍታ ይስላል። እኔ ግን አፍንጫውን ምን አስጠበቀኝ? ጥፋተኛውን አውቄው የለም እንዴ! ከበሩ ሳልወጣ ለእናቴ ደወልኩ። “ባልሽ ተፍተው ሥራዬን አበላሹብኝ! ሹመቴን በምራቅ አጠፉት!” አልኳት። እናቴ እንደ እድሜ እኩዮቿ ሁሉ በስልክ የምታወራው ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ከፍታ ነው። ከኋላ አባቴ ሲያስሉ ሰማሁ። ዘጋሁት።

ጠዋት የጋኑ ገዢዎች እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ኢላና አለች፤ ሌሎቹም አሉ። ቦሪስ አፍንጫው የሳለውን እያየ፣ ምን ነካው? ማን ተጠጋው? ብሎ ጠየቀ። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚል ተረት አለ፤ እኔ አብሬ አልዘረፍኩም፣ ቀድሜ ገባሁ። ዕብራይስጥ ደግሞ አንቱታ የሚባል ነገር የለውም። ስለዚህ ያን የሚያህል ሰው፣ “አባቴ ተፋበት” አልኩ።

ቦሪስ አልሳቀም። መስመሮቹን በእርሳሱ ጫፍ እየነካ፣ “ምራቅ? ምራቅ ውሃ ነው። ሌሊት ሲግል ወጥቶ ሄዷል። ይኸው የውሃው መስመር፤ የለም ማለት ይቻላል። አባትህ እዚህ ውስጥ የለም” አለ። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደቆሙት ረጃጅም መስመሮች ሄደ። ይሄ ስብ ነው አለ። የፓምፕ ዘይትም አይደለም፣ የፓምፕ ዘይትን አመሉን አውቀዋለሁ፤ ይሄ የወጥ ቤት ነገር ነው። ቀና ብሎ አየኝና፣ ምራቁን በምን ጠረግከው? አለኝ።

እንደ ፈዛዛ መሐረቤን ከኪሴ አወጣሁት። ደርቆ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ሌሊቱን ሙሉ ኪሴ ውስጥ አድሮ የባሰ ሸትቶ። ቦሪስ በሁለት ጣቱ ይዞ አሸተተውና፣ “ቅቤ” አለ። ከገዢዎቹ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ኢላና ግን አልሳቀችም፤ የገዛ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ በሽታ ሳይኖር መድኃኒት ብዬ በሽታውን ራሱን ቀባሁበት። ዝም ብዬ ብተወው እኮ በማግስቱ ማንም ሳያውቀው ተንኖ በሄደ!

ጋኑ ተከፍቶ ታጠበ፣ እንደገና ጋለ፣ ፈተናውን አልፎ ተሸጠ። ሹመቱን ኢላና አገኘች። ይገባታል። የመጀመሪያ ሥራዋም በንጹሕ ክፍሉ በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ሆነ፦ የእጅ ቅባት ክልክል፣ ሽቶ ክልክል፣ ቅቤ ክልክል። በዕብራይስጥና በሩሲያኛ ጻፈችና፣ የቅቤውን መስመር በአማርኛ አንተ ጻፍልኝ አለችኝ። በክፋት አልመሰለኝም፤ የእኔ ከተጻፈ የአንተም ይጻፍ ነው ነገሩ። በዚያ ፋብሪካ አማርኛ የሚያነብ እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ለእኔ የተጻፈውን፣ እኔው ጽፌ፣ በየቀኑ ስገባ እኔው አነበዋለሁ፦ “ራስን ቅቤ ተቀብቶ መግባት ክልክል ነው።”

እስከዚህ ያለው ያስቃል። እኔም ለጓደኞቼ እየነገርኩ ስቄበታለሁ። ለአባቴ ግን አልነገርኳቸውም። በዚህ ሻባት እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ሻባቱ ይመጣል፤ ብነግራቸው ቅቤው ይመጣል፣ ቅቤው ሲመጣ መሐረቡ ይከተላል፣ ከመሐረቡ መደበቄ፣ ከመደበቄ ደግሞ በእሳቸው ማላከኬ። ወጡ ጣፋጭ ነው ብዬ እወጣለሁ።

በመሀሉ የጎረቤታቸው የልጅ ልጅ ተገረዘና አባ ታከለ ተጠሩ። እጃቸውን ዘረጉ፤ እደግ ተመንደግ አሉ፤ ሁሉንም አሉ። መጨረሻው ላይ ሰዉ አንገቱን አስግጎ ሲጠብቅ አባቴ ከንፈራቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን አጥፈው ተቀመጡ። የሕፃኑ አያት ወደ ጥግ ጎትታ፣ “ምን አስቀየምናቸው? ልጃችንን ምን አዩበት?” አለችኝ፣ ዓይኗ ፈጦ። ጥርሳቸውን አሟቸው ነው አልኳት። ከዚያ ወዲያም በወታደር ሽኝት፣ በቤት ምረቃ፣ ሁሉም ቦታ ያው ሆነ። ቀስ በቀስ ሰው ሌላ ሽማግሌ መጥራት ጀመረ። እኔ ከአባቴ ጎን ቁጭ ብዬ ኬክ እበላ ነበር። እንዲህ ሆኖ እንደበላሁት ስጽፈው አሁንም ፊቴ ይግላል።

በዓሉ ዞሮ መጣ። አባቴን ወደ ግብዣው ይዣቸው የሄድኩት እናቴ ስላስገደደችኝ ነው። ወደ ውስጥ አልገባም፣ ከሩቅ ይበቃኛል አሉኝ። በኮሪደሩ ስናልፍ ግን ከንጹሕ ክፍሉ በር ፊት ቆሙ። በዚያ ሁሉ የባዕድ ጽሑፍ መሀል ፊደላችንን አዩዋ! አባቴ ማንበብ የተማሩት ጎልማሳ ሆነው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ለእኔም ፊደሉን ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ጣታቸውን አስጠግተው “ራ...ስን... ቅ...ቤ...” እያሉ እስከ አራት ነጥቡ ወረዱ። ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመሩ።

“ይሄ ያንተ እጅ ነው። የ‘ቅ’ን እግር አሁንም ታጣምማለህ” አሉኝ። ቅቤ የተቀባው ማነው? አሉኝ። እኔ ነኝ አልኩ። መቼ? ያን ለት አልኩ። ጣታቸውን ከጽሑፉ አንሥተው፣ “ምራቄስ?” አሉ። ውሃ ነው አሉ አባ፣ ሌሊቱን ወጥቷል፤ የእርስዎ ምንም የለበትም አልኩ። ይህን መቼ አወቅህ? አሉኝ። በማግስቱ አልኳቸው።

አባቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ጥሩ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይቅርታ ይጠየቃል። “እኔ የበሬዬን አፍ አስሬ አላውቅም” አሉ ቀስ ብለው። “አንተ ግን የአባትህን ዓመት ሙሉ አሰርከው።”

ሰው ብርጭቆ እየያዘ በአጠገባችን ያልፋል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ሳጎነብስ በትከሻዬ ይዘው ቀና አደረጉኝ። ከዚያ እዚያው ኮሪደሩ መሀል፣ በፋብሪካው ሰው ሁሉ ፊት፣ እጃቸውን ዘረጉ። “ሙሉ ያድርግህ! አይጉደልብህ!” አሉና፣ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን በግንባሬ ላይ “እንትፍ! እንትፍ!”

ፊቴ ረጠበ፤ ምራቅ ብቻ አልነበረም። ከልማድ የተነሣ እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። ከኋላዬ ቦሪስ ፖሙን እያኘከ ቆሞ ሲያይ ኖሯል። “ተወው” አለኝ። “ውሃ ነው። መሐረብህን ብቻ እንዳታስጠጋው።”